አባትና እናት በእንግድነት

ሲኒማ ቤት ገብቶ ተኩስና ግልቢያ ካላየ ገንዘቡ የተበላ የሚመስለው ተመልካች ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ዛሬ የምንናገርለትን ፊልም እንዲያይ አንመክረውም፤ ከ2 ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚመለከተው ነገር ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መሄዳቸውንና መመለሳቸውን ነውና። እኛ ግን ካየናቸው ፊልሞች ሁሉ የዚህን ያህል በልባችን ተቀርጾ የቀረ የለም።

ፊልሙ «የቶኪዮ ታሪክ» ይባላል። ያሱጂሮ ኦዙ የተባለው ጃፓናዊ ድርሰቱን ከባልንጀራው ከኮጎ ኖዳ ጋር ጽፎ ያዘጋጀው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጃፓን በጦርነቱ ድል ከተመታች ከ8 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሹኪቺና ባለቤታቸው ቶሚ ኦኖሚቺ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ አስተማሪ ከሆነችው ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የበኩር ልጃቸው ኮይቺ በቶኪዮ ሐኪም ነው፤ ልጃቸው ሺጌም እዚያው የሴቶች የጠጉር ሥራ ቤት አላት። ሌላው ወንድ ልጃቸው በጦርነቱ ጠፍቶ ቀርቷል፤ ሚስቱ ኖሪኮ ግን ከባሏ ወላጆች ሳትለይ በቢሮ ሥራ ራሷን ታስተዳድራለች።

ሽማግሌዎቹ ቶኪዮ ሲደርሱ የሚያባርራቸው የለም፤ ክፉ ቃልም የሚናገራቸው የለም። የፊልሙ ብርታት እዚህ ላይ ይመስለናል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ጨካኞች አድርጎ ተመልካቹን በቍጣ ያስነሣው ነበር። ኦዙ ግን አንድ እሑድ ጠዋት ያሳየናል፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ለብሶ አጊጦ ሽማግሌዎቹን ከተማ ሊያዞር ሲነሣ፣ ልጁ የታመመበት አንድ ሰው ይመጣና ሐኪሙን ይጠራዋል። ኮይቺ ምን ይበል? የታመመው ሕፃን ይቈይ፣ እኔ ዛሬ ከወላጆቼ ጋር እንሸራሸራለሁ ይበልን? ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል፤ ጉዞው ይቀራል፤ አባትና እናትም ግድ የለም ብለው ይቀመጣሉ። በመንግሥት ሥራ የምንገኝ ሰዎች «ሥራ በዝቶብን ነው» የምትባለዋን ቃል ደኅና አድርገን እናውቃታለን። የቃሊቱ ክፋት ሐሰት አለመሆኗ ነው። ሐሰት ብትሆን ኖሮ በተዋት ነበር።

የሺጌ ነገር ግን ከዚህ ይብሳል። ባሏ ለሽማግሌዎቹ ጥሩ ጣፋጭ ቢገዛ ለምን ውድ ገዛህ ትለዋለች፤ ሴት ደንበኛዋ እነዚህ እነማን ናቸው ብትላት ከገጠር የመጡ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው ብላ ታልፋለች። ይህን ስናይ በተቀመጥንበት ወንበር ላይ ተቍነጠነጥን። ሁለቱ ልጆች በመጨረሻ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን አታሚ ወደሚባለው ፍል ውሃ ይልኳቸዋል። ነገሩ ለእንግዳ ክብር ይመስላል፤ እንግዳ ማሰናበትም ነው። በዚያ ማረፊያ ቤት ጐረምሶች ሲጫወቱና ሲዘፍኑ ስለሚያድሩ ሽማግሌዎቹ እንቅልፍ አጥተው ቶሎ ይመለሳሉ፤ ሳይታሰቡ በመምጣታቸውም ሺጌ ቤት ማደሪያ አያገኙም። እናቲቱ ወደ ኖሪኮ ጠባብ ክፍል ሄደው በሞተው ልጃቸው መኝታ ያድራሉ።

ኦዙ ይህን ሁሉ የሚያሳየን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ምንጣፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው በማቆም ነው። ካሜራው አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይንቀሳቀስም፤ ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ባዶውን ክፍል ጥቂት ያስመለክተናል። ስለዚህ ተመልካቹ ከቤቱ ጥግ የተቀመጠ ዘመድ ይመስል ሁሉን በዝምታ ይሰማል። ኦዙ ራሱ ሚስት ሳያገባ ከእናቱ ጋር የኖረ ሰው ነበር፤ እናቱ በ1962 ሞተው እርሱም በ1963፣ በ60ኛው የልደት ቀኑ ዐረፈ። አባቱን ሆኖ የሚጫወተው ቺሹ ርዩም ያን ጊዜ ገና 50 ዓመት ያልሞላው ሰው መሆኑን ስንሰማ እጅግ ተደንቀናል፤ አጐነባበሱም አሳሳቁም የሽማግሌ ነውና።

ሽማግሌዎቹ ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ቶሚ ታመው ይሞታሉ። ልጆቹ ተሰብስበው ያለቅሳሉ፤ ልቅሷቸውም የእውነት ነው። ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ ማዕድ ላይ ሳሉ፣ ሺጌ እንባዋ ሳይደርቅ የእናቷን ልብስ ለመታሰቢያ እንዲሰጧት ትጠይቃለች። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ጐን ለጐን ማስቀመጥ ታላቅ ጥበብ ነው። ታናሺቱ ልጅ በእኅቷ ስትቈጣ ኖሪኮ ልጆች ሲያድጉ የየራሳቸው ኑሮ እንደሚይዛቸው በትሕትና ታስረዳታለች፤ ሆኖም ኑሮ እንዲህ የሚያሳዝን ነውን ብላ ብትጠይቃት፣ ፈገግ ብላ አዎን ትላታለች። ሴትሱኮ ሃራ ያን ፈገግታ እንዴት አድርጋ እንዳመጣችው እንጃ።

ሌሎቹ ወደ ቶኪዮ ከተመለሱ በኋላ ኖሪኮ ጥቂት ቀን ትቈያለች። አማቷ ሹኪቺ የሟች ባለቤታቸውን ሰዓት አምጥተው ይሰጧታል፤ ደግሞም የኔ ልጅ ሆይ አግቢ፣ የሞተውን እርሺው ይሏታል። እርሷ ግን እኔ እንደምትሉኝ ደግ አይደለሁም ብላ ታለቅሳለች። የሥራ ፈቃዷ አልቋልና ወዲያው ትሳፈራለች፤ ባቡሩም ሲገሰግስ ሰዓቲቱን አውጥታ፣ ክዳኗን ከፍታ ትመለከትና በመዳፏ ትይዛታለች።