የቅርንፉድ ደሴት

ቅርንፉድ በየገበያው አለ። ሻይ ውስጥ እንጨምረዋለን። ጥርሳችንን ሲያመን እንነክሰዋለን። ከየት ይመጣል?

ቅርንፉድ ከሚበቅልባቸው አገሮች አንዷ ዛንዚባር ናት። ዛንዚባር ደሴት ናት። ደሴት ማለት በጣና ላይ እንዳሉት፣ ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። ዛንዚባርን የከበባት ግን ሐይቅ አይደለም፤ የህንድ ውቅያኖስ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የታንዛኒያ አካል ናት።

ዱሮ የዛንዚባር ገቢ ከቅርንፉድ ነበር። ብዙውን የምትገዛት ኢንዶኔዥያ ነበረች። ኢንዶኔዥያ የራሷን ቅርንፉድ አብዝታ ስትተክል፣ የዛንዚባር ገበያ ወደቀ። ደሴቲቱም ፊቷን ወደ አገር ጎብኚ አዞረች። ነጭ አሸዋዋና ሞቃት ባሕሯ ብዙ ሰው ጠራ። የድንጋይ ከተማ የሚባለው አሮጌ ከተማዋ በ1993 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ።

እኛ አስተማሪዎቹ በዚህ ነገር ማታ ማታ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «እንግዳ ሲበዛ ሥራም ይበዛል» አልን። እውነት ነው። አስተናጋጁ፣ ጀልባ ነጂው፣ ዓሣ አጥማጁ ከእንግዳው እንጀራ ያገኛሉ።

ሌሎቻችን ደግሞ «ውሃውስ?» አልን። ይህም እውነት ነው። የደሴቲቱ ሰው አብዛኛው የሚጠጣው መሬት ውስጥ የሰረገ የዝናብ ውሃ ነው። ሆቴሉ በሞተር አብዝቶ ከሳበው፣ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ዳርቻውም አለ። ሴቶች ጥልቀት በሌለው ባሕር ገመድ ዘርግተው የባሕር ሣር ያለማሉ። ሸጠው ልጅ ያሳድጋሉ። ሆቴሉም የሚፈልገው ያንኑ ዳርቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አውሮፕላኑ ቆመ፤ እንግዳውም ቀረ። በእንግዳ ብቻ ይኖር የነበረ ሰው ተቸገረ። ዱሮ በቅርንፉድ የደረሰው በእንግዳም ደረሰ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ብለን ነው። እንግዳ ይምጣ፣ ግን እርሻውም አይተው። ሆቴሉ ቲማቲሙን ከጎረቤት ገበሬ ከገዛ መንደሩ ይጠቀማል። ከሩቅ በመርከብ ካስመጣ ገበሬው ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል።

በእኛም አገር በየሐይቁ ዳር ሆቴል ይሠራል። ነገ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ወደ መንደራችሁ ቢመጣ፣ በጣት አሻራ ለመፈረም አትቸኩሉ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ውሃው የማን እንደሚሆን፣ መንገዱ ለከብት ይዘጋ እንደሆነ፣ ሥራው ለማን እንደሚሰጥ ፈልጉበት። ካልተጻፈ «ይጻፍ» በሉ።