የረገበ አውታር

ቱሉ ዲምቱ ሌሊትም ዝም አይልም። ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ጉርምርምታ እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። አንድ ሌሊት እሱን ለመሸሽ ማዳመጫ አድርጌ፣ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሰማውን የጥቁር ጉድጓድ ድምፅ ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፐርሲየስ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን የከበበውን ትኩስ ጋዝ እየገፋ ሞገድ ያስነሳል። ሞገዱ ድምፅ ነው፤ ግን ከፒያኖ መሃለኛው ዶ 57 ኦክታቭ ይወርዳል። አንድ ኦክታቭ መውጣት ንዝረቱን እጥፍ ማድረግ ነው። ናሳ 57 ጊዜ፣ ከዚያም 58 ጊዜ አጥፎ ለጆሯችን አደረሰው።

ማዳመጫውን ለእማዬ ሰጠኋት።

«በገና ነው እንዴ?» አለች።

«አይ፣ ሰማይ ነው።»

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። የአባዬ በገና እሱ ካረፈ ወዲህ እዚያው ተሰቅሏል፤ ኮድ ስጽፍ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ አንዱን አውታር ነካሁ። ረግቧል፤ ድምፁ ከመኪኖቹ ጉርምርምታ አይለይም።

«ሞቷል» አልኩ።

«ወርዶ ነው እንጂ» አለች እማዬ። «ጠበቅ አድርገው።»