ከሳንቃበር ወደ ቧሂት፣ በገበያተኛ መንገድ

አዲስ አበቤ ራሱን ደገኛ ብሎ ይጠራል። አልተሳሳተም፤ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ ቦሌ እንደወረደ ሲያለከልክ አይተን ስቀናል። ያው ደገኛ ግን ሊፍት የተበላሸ ቀን አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለቴ ያርፋል። ከፍታ ላይ መኖር ሌላ፣ ከፍታ መውጣት ሌላ።

በእግሩ ተራራ መውጣት መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሰሜን ተራሮችን ስጠቁም ብዙዎች ይገረማሉ። «ለጀማሪ እንጦጦ አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። ለማሟሟቂያስ ይበቃል። እኔም እግሬን ያፍታታሁት እሁድ እሁድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እየወጣሁ ነው፤ ጫማዬንም ያለማመድኩት እዚያው ነው፤ አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም። ሰሜንን ከሌላው የምለየው ስለ መንገዱ ነው። ለጎብኚ ተብሎ የተጠረገ መንገድ አይደለም። ገብስ ጭኖ ደባርቅ ገበያ የሚወርድ፣ ወፍጮ ቤት የሚሄድ፣ ክርስትና የተጠራ ሰው ዘመን ከዘመን የረገጠው ነው። እዚያ የሚሄድ ጀማሪ አካሄድ የሚያሳየው ሰው አያጣም።

የጉዞው መነሻ ደባርቅ ናት፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል፣ አስጎብኚና በቅሎ ይኮናተራል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደባል። (የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል።) ድንኳኑን፣ ድስቱንና እህሉን በቅሎዎቹ ይይዛሉ። ጀርባዬ ላይ የቀረው ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና በሶ ነበር። የስንቅ ነገር ከተነሳ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባውን የታሸገ ብስኩት ትቼ በሶና ቆሎ መያዜን እስከ ዛሬ እንደ ብልህነት እቆጥረዋለሁ። በሶ በውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይታመናል።

የተነሳነው መስከረም መገባደጃ ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ገብሱ ገና እሸት ነው። ቡይት ራስ አለፍ እንዳልን ከደባርቅ ያመጣንን መኪና ተሰናብተን የገደሉን ጠርዝ ይዘን ወደ ሳንቃበር ሰፈር አቀናን። ስካውታችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ አለ። እኔ የወር ደመወዜን ግማሽ የበላ ጫማ አጥልቄ ከኋላቸው ስከተል፣ ዓይኔ ከገደሉ ይልቅ የእሳቸው እግር ላይ ነበር። እርምጃቸው አጭር ነው፤ በጣም አጭር። ሜዳውንም ዳገቱንም በአንድ ልክ ይሄዱታል። አቀበቱ ሲቆም ፊት ለፊት አይጋፈጡትም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያሉ ይሰነጥቁታል። መላ የውስጥ እግራቸው መሬት ይነካል እንጂ በጣታቸው አይወጡም። ደግሞ አይቆሙም። እኔ ሮጥ ሮጥ እያልኩ እቀድማቸዋለሁ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ ሳለሁ ያልፉኛል።

«ልጄ፣ እየሄድሽ አውሪኝ» አሉኝ። «ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።»

ይህን ያህል ቀላል መለኪያ ኖሮ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ለምን እንደሚገዛ ገርሞኛል።

ከሳንቃበር ሳንደርስ ጭላዳዎቹን አገኘናቸው። በመቶ ይቆጠራሉ፤ ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ይግጣሉ። አንዱ ወንድ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ጋማው ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ደረቱ ላይ ያ ቀዩ ቆዳው ተገልጧል። ሁለት እጁን እያፈራረቀ ሣሩን ይነጫል፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንደ ልብስ ሰፊ ጣት ነው የሚሠሩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በቅምጡ ትንሽ ወደፊት ተንፏቀቀና ቀጠለ። ሲመሽ መንጋው ሁሉ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ወረደ፤ ነብርና ጅብ ሽሽት የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በቴሌቪዥን ያየሁትና ይህ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ሆኑብኝ።

በማግስቱ ወደ ግጭ ስንወጣ ገበያተኞች ገጠሙን። አንዲት እናት ስልቻ አዝለው፣ አህያ እየነዱ፣ እኔ የምተነፍሰውን አየር የሚጋሩ እስከማይመስሉ ድረስ ዘና ብለው መጡ። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ፣

«ወዴት ናችሁ?»

«ቧሂት።»

«ውይ! ማን ሞቶ ነው?»

ይህን ያህል አገር በእግር የሚያስኬድ ለቅሶ ካልሆነ ምን ይኖራል? ጋሼ ማንም እንዳልሞተ፣ ተራራውን ለማየት ብቻ እንደምንሄድ አስረዱ። ሴትዮዋ አንዴ ጫማዬን፣ አንዴ ፊቴን አዩ። «እንግዲያ እሱ ይርዳችሁ» ብለው አህያቸውን ነዱ። ሳቃቸው እስከ መታጠፊያው ተሰማኝ።

ግጭ መድረስ ግን ደስታው ቅልቅል ነው። የጅንባር ፏፏቴ ክረምቱን ጠጥቶ ወደ ገደሉ ሲወረወር አይተን፣ ጓሳውን ሰንጥቀን ስንወጣ፣ ሰው የረገጠው መንገድ አለ፤ ሰው ግን የለም። የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ ልቅ ግጦሽና እርሻ ሲበዛበት፣ ዋልያው ሲመነምን፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። የዋልያው ነገር ይገባኛል፤ ከሰሜን ተራሮች ሌላ የትም የለም። ሆኖም እኔን ያስተማረኝን መንገድ የጠረገው ያ የተነሳው ሕዝብ ነው፤ ሁለቱንም አብሬ አስባለሁ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ደግ ነው፤ ሰውነት ከሳሳው አየር ጋር የሚላመደው በቀስታ ነው። የሰሜን ሰፈሮች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ራስ ምታት ከመጣ ውሃና ዕረፍት ነው፤ ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ይሉኝታ ቦታ የለውም። ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል፤ በጋ ሲገባ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ስስ ስሱን መደራረብ ይሻላል፤ ሲወጡ ማውለቅ፣ ሲያርፉ ላብ ሳይቀዘቅዝ መልበስ።

እሜት ጎጎ ላይ ግን ምክሬን ሁሉ ረሳሁ። 3,926 ሜትር ነው፤ አለቱ ወደ አየር ሾልኮ የወጣ ነው፤ በሦስት በኩል ገደል። ታች፣ ከሺህ ሜትር በላይ ታች፣ ቆላው በጉም መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ዓምድ ዓምድ የሆኑ ተራሮች ቆመውበታል። የእሳተ ገሞራ ድንጋዩን በሚሊዮን ዓመታት ዝናብና ወንዝ ፈልፍሎት የተረፈው ነው አሉ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ከድካም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተመልሼ ጅብራ ሥር ተቀመጥኩ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ሲያበዛ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል። ያበበውም፣ ያላበበውም፣ የደረቀውም እዚያው አጠገብ ላጠገብ ቆመዋል። ፍቅር የያዘኝ እዚያ ነው፤ መቼም ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከጨነቅ ወደ ቧሂት የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ዋልያዎቹ ገደሉ ላይ ተደርድረው አየናቸው፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ለእኛ ጉዳይ ያልሰጡ። ቧሂት 4,430 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ቢሆን ነው። ወሬያችን አጠረ፣ ግን አልተቋረጠም። ጋሼ ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ፤ እኔ በየአሥር እርምጃው «እሺ» እላለሁ። እርምጃዬ የኮንጎ ጫማውን ልክ ይዟል። ሰዓት ሳላይ፣ ሳልቀመጥ፣ ዳገቱ አለቀ።

ከላይ ሆነው ጋሼ ወደ ምሥራቅ ጠቆሙኝ። ራስ ደጀን ማዶ አለ፤ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስ ይመስላል። በመሐሉ ግን የመሸሃ ወንዝ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በታች ወርዶ፣ አምቢቆ አድሮ፣ እንደገና ከ4,500 በላይ መውጣት ነው። መንገዱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ይታያል፤ ሁለት ሰዎች በቅሎ እየነዱ ይወጡበታል።

«ለከርሞ» አልኩ።

ሰፈር ስንመለስ በቅሎ ነጂው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ቀብድ ጠየቀኝ። ተከራከርን። ሰጠሁት።