አገርን ስለ መጐብኘት፤ የሦስት ቀን መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ዝዋይ

የኢትዮጵያ ሰው ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ ነው። ስለ ስእለቱ ወደ ቁልቢ ገብርኤል፥ ስለ በረከት ወደ ግሸን ማርያም፥ ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም ሲጓዝ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከሕዝቡ ጋራ ደርሶ ከሕዝቡ ጋራ መመለስ ነው። በመንገዱ ያለውን ወንዝና ተራራ፥ የአገሩን ሰውና ሥራውን፥ ቤተ መቅደሱንም ማን እንዳሳነፀው ጠይቆ የሚመለስ ጥቂት ነው። ስለዚህም በብዙ ቤት የሚያድግ ልጅ የአውሮፓን ዋና ከተሞች በቃሉ ሲዘረዝር ይሰማል፤ አዋሽ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቀር ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

በመጽሐፈ ኢያሱ እንደምናነበው፥ ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ተወስደው በጌልገላ ቆመዋል። የቆሙበትም ምክንያት፥ ወደ ፊት ልጆች ስለ ድንጋዮቹ በጠየቁ ጊዜ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ያስፈልገዋል። እኛም አገርን መጐብኘት ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው፤ ይኸውም ልጁ ይጠይቅ ዘንድ ወደ ድንጋዩ መውሰድ፥ ወላጁም ይመልስ ዘንድ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ወዴት እንሂድ ቢባል፥ የሁሉም ሐሳብ ወደ ሰሜን ይበራል። ይህም የሚገባ ነው፤ የአክሱም ሐውልቶች፥ የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ የጐንደር ቤተ መንግሥት፥ የጣና ገዳማት በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ጉብኝት ከሰላም በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በዐማራ ክልል የተነሣው ውጊያ፥ የብዙ ቤተ ሰብን ጉዞ አስቀርቷል፤ በየስፍራው የሚኖሩትን ወገኖቻችንንም ከዚህ በሚበልጥ ጐድቷል። ከዚህም በቀር መንገዱ ሩቅ፥ ወጪው ብዙ ነው። ስለዚህ ሰሜንን ለማየት ጊዜው እስኪመች ድረስ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ፥ በቅርብ ያለውን ማየት ይሻላል እንላለን። በአዲስ አበባ የሚኖር ቤተ ሰብ ከከተማው በስተ ደቡብ ሦስት ቀን ቢመድብ፥ ከሰው ልጅ የመጀመሪያ መሣሪያ ጀምሮ እስከ ደሴት ገዳም ድረስ ብዙ ዘመን በዓይኑ ያያል።

በመጀመሪያ ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል። በክረምት የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለ ሆነ አይመችም። በመስከረምና በጥቅምት ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ነው። ለተማሪ የሚመቸው የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መንገዱም ደረቅ ነው። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚለዋወጥ፥ የቤቱ እመቤት ስንቁን ከማዘጋጀቷ በፊት የባሕረ ሐሳቡን አውጥቶ መመልከት ይገባል። ኀሙስ ማለዳ ተነሥቶ ቅዳሜ ማታ የሚመለስ ሰው፥ እሑድ በአጥቢያው ቅዳሴ ያስቀድሳል።

ሁለተኛው ነገር ወጪው ነው። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን መኪና ከሚከራይ፥ ሁለት ወይም ሦስት ጐረቤታሞች ወይም የጽዋ ማኅበርተኞች አንድነት ቢከራዩ ይቀላል፤ ልጆቹም ባልንጀራ ያገኛሉ። ከመነሣት በፊትም የመንገዱን ሰላም በዚያው አገር ከሚኖር ሰው መጠየቅ፥ ማታም እንዳይመሽባቸው መጠንቀቅ ግድ ነው። ደኅና አይደለም ከተባለ፥ ጉዞውን ወደ ሌላ ወር ማዛወር የአስተዋይ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ዝግጅት በቤት የሚደረገው ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ካርታ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስፍራ ይሰጠው። አንዱ ስለ አዋሽ፥ ሁለተኛዋ ስለ አዳዲ ማርያም፥ ሦስተኛው ስለ ጢያ ድንጋዮች አንብበውና ጠይቀው በደብተር ይጻፉ፤ ስፍራው ሲደረስም አስጐብኚው ከመናገሩ በፊት ልጁ ይናገር። አደራ የተሰጠው ልጅ በመኪና ውስጥ አይተኛም።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ በቡታጅራ አቅጣጫ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አዋሽን ይሻገራሉ፤ ስፍራው መልካ ቁንጡሬ ይባላል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ ብዙ አገር ካጠጣ በኋላ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ወደ ባሕር አይደርስም። በዚህ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙ፤ ከ1965 ጀምሮም የፈረንሳይ ሊቃውንት ቁፋሮ አካሄዱ። የተገኙትም ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው መሣሪያዎች፥ የእንስሳት አጥንትና የጥንት ሰዎች ቅሪት ናቸው። ብዙው መሣሪያ የተሠራው በአቅራቢያው ከሚገኘው ባልጩት ነው፤ በዚህም ድንጋይ የአገሩ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ይሠሩበት ነበር። ስፍራው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ትንሽ ቤተ መዘክርም አለው።

በዚህ ስፍራ ዓመተ ዓለምን የተማረ ልጅ፥ «ይህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወላጆችን የምንለምነው፥ ልጁን ዝም በል እንዳይሉት ነው። ሊቃውንቱ ዕድሜውን የሚቈጥሩት መሣሪያዎቹ በተገኙበት በእሳተ ገሞራ ዐመድ ንብርብር እንደ ሆነ ይንገሩት፤ ከዚያም ጥያቄውን ይዞ ወደ መምህሩና ወደ ንስሓ አባቱ ይሂድ። በጥያቄው የተገሠጸ ልጅ መጠየቁን አይተውም፤ የሚተወው እኛን መጠየቁን ነው።

ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት አለፍ ብሎ፥ ከዋናው መንገድ በሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዐለት ተፈልፍላ የታነፀች ስለ ሆነች፥ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ጉልላት ቢፈልግ አያገኝም፤ አጠገብዋ ሲደርስ መሬቱ ተቆፍሮ ከበታቹ ሕንፃው ይታየዋል። ንጉሥ ላሊበላ እንዳሳነፃት ይተረካል። ከላሊበላ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት በመጠን ታንሳለች፥ ጥርቧም እንደ እነዚያ የረቀቀ አይደለም፤ ነገር ግን ላሊበላን ለማየት ላልቻለ ልጅ፥ ሰው ዐለትን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈለ እንዴት ቤት እንደሚያወጣ በቂ ትምህርት ትሰጣለች። የአገሩ ምእመናን እስከ ዛሬ የሚያስቀድሱባት ናት እንጂ ባዶ ሕንፃ አይደለችም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሥርዐት ጥቂት እንናገር። ቤተ ክርስቲያንን እንደ ቤተ መዘክር መመልከት ነውር ይሆንብናል የሚሉ ወላጆች አሉ። አስቀድሞ እንደ ምእመን ገብቶ መሳለምና መጸለይ፥ ቀጥሎ እንደ ተማሪ መጠየቅ ግን ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ነጠላ መልበስ፥ ጫማ ማውለቅ፥ ፎቶግራፍ ለማንሣት ካህናቱን ማስፈቀድ፥ በቅዳሴ ጊዜ ከመዞር መከልከል ለልጆች በቤት ሊነገራቸው ይገባል። የሚሰጥም ገንዘብ ቢኖር ለቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት ይሁን።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰው ወደ ቡታጅራ ሲቀጥሉ በሶዶ አገር ጢያን ያገኛሉ። በዚያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ከነዚህም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል፤ ክብ ምልክትና ቅጠል የሚመስል ቅርጽም አለ። ስፍራው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል። የአገሩ ሰዎች የግራኝ ድንጋይ ሲሏቸው ኖረዋል፤ ነገር ግን ግራኝ አሕመድ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን፥ ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ ከእርሱ ዘመን እንደሚቀድሙ ይናገራሉ። በተቆፈሩትም መቃብሮች የወጣት ወንዶችና ሴቶች አጥንት ተገኝቷል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያለቅስላቸውና ድንጋይ የሚያቆምላቸው ወገን ነበራቸው። ስማቸው ግን ጠፍቷል፤ የምልክቶቹም ትርጉም ገና በሙሉ አልተፈታም። ለልጆች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፤ ድንጋዩ ቆሞ፥ የሚመልሰው አባት የጠፋበት ስፍራ ነውና። ይህን አይተው በቡታጅራ ያድራሉ።

ዓርብ ጠዋት ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳሉ። አየሩ እየሞቀ፥ ዛፉ ወደ ግራር እየተለወጠ ይሄዳል። ዝዋይ፥ በአሁኑ ስሟ ባቱ፥ በሐይቁ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሐይቁ ጥልቀቱ ጥቂት፥ ወፉና ዓሣው ብዙ ነው፤ ጉማሬም አለበት። መቂና ከታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዳል። ውኃው ለመስኖ እርሻና ለአበባ ልማት ስለሚቀዳ ሐይቁ ጭንቀት ላይ መሆኑን ልጆች ከዓሣ አጥማጆቹ አፍ ቢሰሙት መልካም ነው። ያ ቀን የዕረፍት ቀን ይሁን፤ ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ቆሮሶው ለቅዳሜ ይቆያል።

ቅዳሜ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ በሞተር ጀልባ ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት መሄድ ይገባል፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሐይቁ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ይህ ሲሆን፥ ቱሉ ጉዶ ተብሎም ይጠራል። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደው፥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠዋል። በገዳሙ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ቆይተዋል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፥ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ተዳፋቱን በእርከን ያርሳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተዋል። ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ የጠበቀ ጥቂት ሕዝብ እንደ ሆነ ልጆቻችን አይተው ቢመለሱ፥ ቤታቸው ያለውን አንድ ዳዊት በሌላ ዓይን ይመለከቱታል።

ከሰዓት በኋላ በመቂና በሞጆ በኩል ሲመለሱ፥ ቆቃ አጠገብ አዋሽን እንደገና ይሻገራሉ። ኀሙስ በመልካ ቁንጡሬ ያዩት ወንዝ ነው፤ እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው ግድብ ታግዶ ሐይቅ ሆኗል። አዋሽን ያጠናው ልጅ ያን ጊዜ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ከተመለሱም በኋላ ደብተሮቹ ተሰብስበው በአንድነት ይነበቡ፤ መልስ ያላገኙት ጥያቄዎች ከገጹ ሥር ተለይተው ይጻፉ። የሚመጣው ዓመት መንገድ ከእነዚያ ጥያቄዎች ይመረጣል። ሰላም ሲሆንና እግዚአብሔር ሲፈቅድ፥ ከአዳዲ የተነሣው ጥያቄ ወደ ላሊበላ፥ ከደብረ ጽዮን የተነሣውም ወደ አክሱም ያደርሳል።