ስሟን አልጠየቅናትም

«ኢየሩሳሌም እንዴት ነበረች?» አለችን አንዲት እህት በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ቡና እየቀዳች። «ጌታ ይመስገን፣ ጥሩ ነበር» አልናት ሁለታችንም። ወገኖች፣ ዋሽተናታል። ሦስቱን ሳምንት ያሳለፍነው በቤተልሔም ዙሪያ፣ ፍልስጤማውያን ገበሬዎችን ከሚደግፍ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጋር ነበር። ይህን ከቤተ ክርስቲያናችን የሚያውቁት ከአራት ሰው አይበልጡም። ለሌሎቹ «ቅድስት አገር ደርሰን እንመጣለን» ብቻ ነበር ያልናቸው።

ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ሄደን ነበር፤ እንደ ብዙዎቻችሁ በአስጎብኚ አውቶቡስ። በልደት ቤተ ክርስቲያን አጭር በር ጎንበስ ብለን ገባን፣ በዮርዳኖስ ዳር ዘመርን፣ ከወይራ እንጨት የተሠራ መስቀል ገዛን። መስቀሉን የቀረጸው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። አውቶቡሱ ኬላውን ሲያልፍ እንቅልፍ ላይ ነበርን።

በዚህኛው ጉዞ ሥራችን ወይራ መልቀም ነበር። ለእኛ ለሐበሾች ወይራ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት ነው፤ እዚያ ግን የዓመት ኑሮ ነው። ከዛፉ ሥር ሸራ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ እንደ ላም ጡት በእጅ ይታለባል፣ ከዚያ ቅጠሉ ይለቀማል። የውጭ ሰው አብሮ ካለ ገበሬው ሳይነካ ለቅሞ እንዲገባ ይረዳዋል ስለሚባል፣ ጥቅማችን ከመልቀማችን ይልቅ በመታየታችን ነበር። (በመልቀሙማ እናቶቹ ጥለውን ይሄዱ ነበር።)

ጥቂት ቀን ናሃሊን በምትባል መንደር አጠገብ፣ «የሕዝቦች ድንኳን» በሚባለው እርሻ ሠራን። ባለቤቶቹ የናሳር ቤተሰብ ክርስቲያኖች ናቸው። አያታቸው መሬቱን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሆን ሰነዱም በእጃቸው አለ። በ1991 የእስራኤል ባለ ሥልጣናት መሬቱ የመንግሥት ነው ብለው አወጁ፤ ቤተሰቡም ከዚያ ጀምሮ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። የግንባታ ፈቃድ ስለማይሰጣቸው ዋሻ ይጠቀማሉ፣ የዝናብ ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅማሉ። መግቢያው ላይ ባለ ድንጋይ ላይ «ጠላት ለመሆን እምቢ ብለናል» የሚል ሐሳብ በተለያየ ቋንቋ ተጽፏል። የናቡቴን ታሪክ በስንት ጉባኤ ሰምተናል! የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ካለ ሰው ጋር አንድ ማዕድ ቀርበን ግን አናውቅም ነበር።

ተራ ሲደርሰን ደግሞ ከቤተልሔም ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው ኬላ እንቆም ነበር። ገና ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የቀን ሠራተኞች በብረት አጥር መካከል ተጣበው፣ ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ይሰለፉ ነበር። እኛ የምናደርገው ማየትና ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው መመዝገብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እኛም ልናልፍ ስንል ፓስፖርታችንን ያየችው ወታደር ቀና ብላ፣ በአማርኛ፣ «ሐበሻ ናችሁ?» አለችን። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። «እናቴ ከጎንደር ናት። በሰሎሞን ዘመቻ ነው የመጣችው።» ያ ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያንን በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ ያጓጓዘው በ1991 ግንቦት ላይ ነው። የናሳሮች መሬት የመንግሥት ነው በተባለበት በዚያው ዓመት። «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ስትለን ከኋላችን ያለው ሰልፍ ታየንና ፊታችንን አዙረንባት አለፍን።

ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ምስክርነት እንድንሰጥ አምስት ደቂቃ ተሰጠን። ጉዳዩን ከሚያውቁት አንዱ የሆኑት ሽማግሌ አስቀድመው ጠሩንና «ልጆቼ፣ አደራ፣ ፖለቲካ እንዳይሆንብን» አሉን። እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። ሜሪላንድ የገባን ጊዜ ቤት የፈለጉልን፣ ልጃችን ስትወለድ ገንፎ አስገንፍተው የመጡ እሳቸው ናቸው። መድረክ ላይ ወጥተን የወይራ ፎቶ አሳየን፣ ስለ አየሩ ተናገርን፣ ስለ ኬላው አንዲት ቃል ሳንናገር ወረድን። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» አለ። መኪና ውስጥ አንዳችን አለቀስን፣ ሌላችን ጉባኤውን ተሳደብን። ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም በተጸለየ ቁጥር አሜን የማይወጣን ሆንን። ያ ጉባኤ እኮ እስከ አምና ድረስ እኛው ነበርን።

አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ እማማ፣ የጸሎት ቡድናችን እናት፣ ሁሉ ሲሄድ እኛን አስቀሩን። «እስቲ ያልተናገራችሁትን ንገሩኝ» አሉ። ነገርናቸው፤ ሦስተኛው ቡና አለቀ። ገበሬዎቹ ክርስቲያኖች እንደሆኑ ጠየቁን። ጥቂቶቹ ናቸው፣ የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው አልናቸው። «ጌታ ለነሱስ አልሞተም እንዴ?» ብለው አለፉት። ቀጥሎ የጠየቁን ግን ያልጠበቅነውን ነው።

«ያቺ የጎንደሯ ልጅ ስሟ ማን ነው?»

አልጠየቅናትም አልናቸው።

«እናቷስ በሕይወት አለች?»

እሱንም አናውቅም።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ኤርምያስ 38ን ገለጡ። ነቢዩን ከጭቃው ጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ ፊት ቀርቦ፣ ሰዎቹ ክፉ አድርገዋል ብሎ በግልጽ ተናገረ። ገመዱን ሲያወርድ ደግሞ ነቢዩን እንዳይልጠው በብብቱ የሚያደርገው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ ጨመረበት። እማማ አላብራሩልንም። «ጨርቁን አያችሁት?» ብቻ አሉን። እኛ ንጉሡ ፊት አፋችን ተይዟል፤ ጨርቁንም ረስተናል።

በማግስቱ ከእርሻው ያመጣነውን አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዘን ሽማግሌው ቤት ሄድን። ስለ ፈራነው ምስክርነት ይቅርታ ጠይቀን፣ ያየነውን ሳንቀንስ ሳንጨምር ነገርናቸው። ሁለት ጊዜ አቋረጡን፤ አንዴ ድምፃቸው ከፍ አለ። ስለ እስራኤል ያላቸው እምነት አልተለወጠም፣ እኛም ያየነውን አላየንም አላልንም። ስንነሣ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «የዛፎቹ ባለቤቶች እነማን ናቸው?» አሉን። ነገርናቸው። በስልካቸው ላይ ጻፉት።

እኛም ማቀዝቀዣችን ላይ የጸሎት ወረቀት ለጥፈናል። የናሳር ቤተሰብ አለ፣ አብረናቸው የለቀምናቸው እናቶች አሉ። ከሥር «የጎንደሯ ልጅ» ብለን ጽፈን፣ ለስሟ ቦታ ትተናል።