የጎብዬ ሰማይና ተንቀሳቃሹ የደመና መለያ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ቀለበቱን ያሳየው ከሁለት ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ያን ለመጋረድ አንድ አላፊ ደመና ይበቃል። ሌሊት ቴሌስኮፑን ክፍት ትቶ ለሚሠራ የሥነ ፈለክ አፍቃሪ ደግሞ ደመናው ዝናብ ካስከተለ መስተዋቱም ይጎዳል።

ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ርካሽ ነው። ወደ ላይ የቀና የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ የጠራውን ሰማይ ከአካባቢው አየር እጅግ የቀዘቀዘ አድርጎ ያነበዋል፤ ዝቅ ያለ ደመና ሲመጣ ልዩነቱ ይጠባል። አስቸጋሪው «ተንቀሳቃሽ» መባሉ ነው። ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች በቆሙበት በእንጦጦ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመሣሪያው በላይ ያለው እርጥበት አነስተኛ ነው። በዚያ የተወሰነውን የመለያ ልክ ይዞ በወልድያና በቆቦ መካከል ወደምትገኘው ጎብዬ የወረደ ተመራማሪ፣ ከዋክብት እያበሩ «ደመና አለ» ቢባል ሊደነቅ አይገባም። በቆላው አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ራሱ ሙቀት ይረጫልና። የመለኪያው እይታ ሰፊ ከሆነ በስተምዕራብ ያለው ተራራም ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ይጨምርበታል፤ ጠባብ ቱቦ ማልበስ ለዚህኛው ይበጃል።

ለእርጥበቱ ግን ልኩን በቦታው፣ በዓይን በተመሰከሩ ሌሊቶች፣ እንደገና መወሰን ያስፈልጋል። ስስና ከፍተኛ ደመናንማ እስካሁንም ከርካሹ መሣሪያ ይልቅ ዓይን ይቀድመዋል። ለምስክርነቱ የማሽላ አውድማ ሲጠብቅ የሚያድር የጎብዬ ገበሬ፣ የትኛው ኮከብ በስንት ሰዓት እንደጠፋ ቢያስመዘግብ፣ መሣሪያው የሚታረምበትን መዝገብ ይሰጣል።