ጨውና ስኳር

«የምድር ጨው» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ሰሞኑን ተሰባስበን አየነው፤ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሾኔ የመጣን ተማሪዎች ነን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ሲሆን፣ የኒው ሜክሲኮ የዚንክ ማዕድን ቆፋሪዎች ከ1950 እስከ 1952 ያካሄዱትን አድማ መሠረት ያደረገ ነው። ከተዋንያኑ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሎች የሚጠይቁት ጉድጓድ ውስጥ በደህና ሠርቶ መውጣትን ነው። ሚስቶች «የቧንቧ ሙቅ ውሃስ?» ሲሉ፣ «እሱ ይቆይ» ይባላሉ። ኋላ ፍርድ ቤት ቆፋሪዎቹን ከአድማው ሰልፍ ሲያግድ፣ ሴቶቹ ተተክተው ይቆማሉ፤ ከነልጆቻቸው ይታሰራሉም። ባል እቤት ቀርቶ ውሃ ለማሞቅ እንጨት ሲፈልጥ፣ ልብስ ሲያሰጣ፣ ያኔ ይገባዋል። ሳቅን። ሳቁ ግን አልዘለቀም።

ለምን ቢሉ፣ ወንጂ ትዝ አለችን። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ በ1946 ዓ.ም. ነው። ሸንኮራውን ከቆረጡት ብዙዎቹ ከከምባታና ከሀዲያ የወረዱ ወገኖቻችን ነበሩ። ስለ ሠራተኛው ንቅናቄ ስናነብ በ1955 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን እናገኛለን፤ የካቲት 28 ቀን 1966 የተጀመረውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማም እናገኛለን። ከነዚህ አንድ ጥሩ የታሪክ ፊልም ይወጣል። ግን ካሜራው የት ይቁም?

ከመካከላችን «የፋብሪካው በር ላይ ነዋ! እንሰት አድማ አይመታ!» ያሉ ነበሩ። እኛ ብዙዎቹ ግን ከጓሮ ይጀምር አልን። በአገራችን እንሰትን ወንድ ይተክላል፤ መፋቁ የሴት ነው። ባል ወንጂ ሲወርድ፣ እሷ ለዓመታት የቆየውን እንሰት ትጥላለች፤ በቀርቀሃ ትፍቃለች፤ አምቾውን ትከትፋለች፤ ጉድጓድ ቀብራ እስኪብላላ ትጠብቃለች። ልጆቹ የበሉት ይህንን ነው። ታዲያ ቆጮው ባይኖር የቆራጩ ደመወዝ ብቻውን ስንቱን ቤት ያቆም ነበር? አሠሪው ለቆራጩ ከፍሎ ይሆናል፤ ቆራጩን በነፃ ያኖረችው ግን እሷ ናት። በደመወዝ መዝገብ ላይ የጣቷ አሻራ የለም።

ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። ደመወዝ እንዲያንስ ያስቻለ ያው ቆጮ፣ ደመወዝ ሲቋረጥም ጾም አያሳድርም። እቤቱ የተቀበረ ምግብ ያለው ሰው «አልሠራም» ለማለት ትንሽ ይደፍራል። እንሰት አድማ አይመታም ላላችሁት፣ መልሳችን ይኸው ነው።

በ1946 የሃያ ዓመት ሙሽራ የነበረች ሴት ዛሬ ዘጠናን አልፋለች። ፊልም ሠሪ እስኪመጣ ልንጠብቅ አንችልም። ለዕረፍት አገር ቤት የምንገባ ሁሉ፣ አያት ያለን አያታችንን፣ የሌለን የጎረቤትን አሮጊት እንጠይቅ፦ «እሱ ወንጂ ሳለ፣ እማማ፣ እዚህ ማን ምን በላ?» መልሱን በራሳቸው ቋንቋ፣ በሀዲይኛም በከምባትኛም፣ እንዳለ እንጻፈው።